መታጠፊያው ላይ የሚተነፍሱ ፈረሶች

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሰዓት ያዧ ያለፈውን ዓመት ስድስት እሽቅድምድሞች በቪዲዮ አከታትላ አየች። በስድስቱም ውስጥ አንድም ፈረስ መታጠፊያው ላይ አልተነፈሰም።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ኮምፒውተሩን ነው። ቀጥላ ዓይኗን ጠረጠረች። ተነስታ ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠበችና ተመልሳ ስድስቱንም ከሀ ጀምራ አየች። ውጤቱ ያው ነው። ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች፣ መልሳ ሳበች፣ እርሳሷን ቀረጸች፣ የተቀረጸውን ደግማ ቀረጸች። ክፍሉ ከትሪቡኑ ጣሪያ ሥር የተለጠፈ ስለሆነ ከአራት እርምጃ በላይ አያስኬድም፤ አራቷን እርምጃ ወዲያና ወዲህ እያለች ሃያ ጊዜ ያህል ተመላለሰችባት።

ሥራዋ ሲያስረዱት ቀላል ነው። ፈረሶቹ በስንት ሰከንድ እንደገቡ ከታች ያለው ሕዝብ ሁሉ ትልቁ ሰሌዳ ላይ ያያል። እሷ የምትይዘው ሌላ ነው። በሜዳው ዙሪያ፣ በውስጠኛው አጥር ዳር፣ በየሁለት መቶ ሜትሩ ቀይና ነጭ የተቀባ ቋሚ ተተክሏል፤ በላዩ ላይ እስከ መጨረሻው መስመር የቀረው ርቀት ተጽፎበታል። የካሜራውን ምስል ትከፍትና የእያንዳንዱ ፈረስ አፍንጫ ከእያንዳንዱ ቋሚ ጋር የተገናኘባትን ቅጽበት እያቆመች ትመዘግባለች። አንድ ሺህ አራት መቶ ሜትር የሮጠ ፈረስ በእሷ ወረቀት ላይ ሰባት ቁጥር አለው ማለት ነው። ጠቅላላው ሰዓት ማን እንዳሸነፈ ይናገራል፤ ሰባቱ ቁጥሮች ደግሞ እንዴት እንዳሸነፈ። ማን ገና ሲነሳ ጉልበቱን በትኖ እንደጨረሰ፣ ማን ከኋላ ተሸሽጎ እንደመጣ፣ ማን ስድስተኛ ቢወጣም ከአሸናፊው የበለጠ እንደለፋ ከዚያ ይነበባል። ጋጣ አካባቢ ይህን ወረቀት «ቁርጥራጭ» ይሉታል። እሷን ደግሞ አጭር ስለሆነች «ደቂቃ» ይሏታል። «ደቂቃ፣ የቅዳሜው ቁርጥራጭ ደረሰ?» ሲሏት ወረቀቱን ትሰጥና ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ ትመለሳለች።

ስታትስቲክስ ተምራ ከወጣች ገና ዓመት አልሞላትም፤ እዚህ ከተቀጠረች ደግሞ የውድድር ዘመኑ ከተከፈተ ጀምሮ አምስት ሳምንቷ ነው። በአምስቱ ሳምንት አንድ ነገር አግኝታለች። ፈረሶቹ ሁሉ፣ ፈጣኑም ዘገምተኛውም፣ ከአንድ ሺሁ ቋሚ እስከ ስምንት መቶው ድረስ ይበርራሉ፤ ከስምንት መቶው እስከ ስድስት መቶው፣ መታጠፊያው ላይ፣ ሁለት ሰከንድ ያህል ይጎተታሉ። ለምን ይሆን ብላ ብዙ አሰበች። ከመታጠፊያው በፊት ያለችውን ትንሽ ቁልቁለት አሰበች፤ ሲታጠፉ ፈረሶቹ ሳንባቸውን እንደሚያሳርፉ አሰበች። ሁለት ገጽ ጻፈችና «የመታጠፊያው ትንፋሽ» ብላ ሰየመችው። ሥራ አስኪያጁ ወደደውና ጋላቢዎች የሚመዘኑበት ክፍል ግድግዳ ላይ አስለጠፈው። በሕይወቷ ከፈተና ወረቀት ሌላ የጻፈችው ነገር በሰው ፊት ሲውል ይህ የመጀመሪያው ነበር። አንድ ጋላቢ አንብቦ «እኔ ጀርባቸው ላይ ሆኜ ሲተነፍሱ አልሰማሁም» ብሎ አሳቀባት፤ እሷ ግን ለሳምንት ያህል በዚያ ኮሪደር ባለፈች ቁጥር በር ክፍት ከሆነ በዓይኗ ጥግ ግድግዳውን ታይ ነበር።

አሁን ግን ባለፈው ዓመት የሚተነፍስ ፈረስ የለም። ከአንድ ሺሁ እስከ ስምንት መቶው አስራ ሁለት ሰከንድ፤ ከስምንት መቶው እስከ ስድስት መቶው አስራ ሁለት ሰከንድ። ፈረስ ደግሞ ካለፈው ዓመት ወዲህ መተንፈስ አይጀምርም።

ነገሩ በጽሑፉ ብቻ ቢያልቅ ኖሮ አፍራ ትቀመጥ ነበር። መቀመጥ ያቃታት በዳማዋ ምክንያት ነው።

ዳማዋ በቀለሟ የምትጠራ ባዝራ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ። የምታድረው በሰዓት ያዧ አጎት ጋጣ ነው። አጎትዬው የእናቷ ታናሽ ወንድም፣ ሠላሳ ዓመት ፈረስ ያሰለጠነ፣ ሁሉም «ባልደራስ» እያለ የሚጠራው ሰው ነው። የባዝራዋ ባለቤት ደግሞ የጡብ ፋብሪካ አለው፤ ባለጡቡ ይሉታል። ያለፈው ቅዳሜ በአንድ ሺህ አራት መቶው ዳማዋ እስከ መጨረሻው ሁለት መቶ ስትመራ ቆይታ ስድስተኛ ወጣች። ባለጡቡ ኮፍያውን አድርጎ «በቃት። ሰኞ ወደ ፋብሪካው ትምጣና ጡብ ትጎትት» አለ። ሲቀልድ አልነበረም። ጋሪው ላይ ከተጠመዱት በቅሎዎች አንዷ አንክሳለች፤ ቦታው ክፍት ነው።

እሁድ ዕለት፣ በዘመድ መሃል ጨው አቀብሉኝ ለማለት እንኳ ሁለት ጊዜ የምታስበው ልጅ፣ ወረቀቷን ይዛ አጎቷ ቤት ባለጡቡ ፊት ቆመች። «ጋሼ፣ ዳማዋ አልደከመችም» አለችው፣ ወረቀቱን እያየች። «አቃጥለዋት ነው። ከአንድ ሺሁ እስከ ስምንት መቶው በአስር ነጥብ ዘጠኝ ነው የሮጠችው። ዘንድሮ በዚህ ሜዳ ይህን የሮጠ ፈረስ የለም። ገና ግማሽ ሳይደርሱ እንዲህ ከለቀቋት በመጨረሻ ምን ይቀራታል?» ባለጡቡ ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ማነው የለቀቃት?» አላት። መልሱን ሁሉም ያውቀዋል፤ የጋለባት ሚዛኑ ነው፣ ክብደቱን በቀን አስር ጊዜ ስለሚመዘን ስሙ ሚዛኑ የሆነው ጋላቢ። ባለጡቡ እዚያው ስልክ አንስቶ አሰናበተው። በምትኩ ፈረስ ይዞ በማስቀረት የታወቀውን፣ ልጓሜ የሚሉትን፣ አስመዘገበ። ቅዳሜ በዚያው በአንድ ሺህ አራት መቶ ትሮጣለች፤ ልጓሜ መጀመሪያ ላይ ይዞ ያቆያታል፤ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ውስጥ ከገባች ትቆያለች፣ ካልገባች ጋሪው ሰኞ ይጠብቃታል።

ይህ ሁሉ የቆመው አስር ነጥብ ዘጠኝ ላይ ነው።

ረቡዕ ጠዋት፣ ጤዛው ሳይደርቅ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ሜዳው ላይ ወጣች። ከአንድ ሺሁ ቋሚ ተነስታ እርምጃዋን እየቆጠረች እስከ ስምንት መቶው ሄደች። ሁለት መቶ ስልሳ አምስት። ከዚያ እስከ ስድስት መቶው ሄደች። ሦስት መቶ አስራ አራት። ምናልባት መጀመሪያ ላይ ተንጠራርቼ ይሆናል ብላ ተመለሰችና እንደገና ቆጠረች፤ በሁለትና በሦስት እርምጃ ብቻ ተለያየ። ስምንት መቶው ቋሚ ሥር ቆማ ቀለሙን በጣቷ ነካካችው፣ ቀለሙ ስለ ርቀት የሚናገረው ነገር ያለው ይመስል።

ሜዳውን ውሃ የምታጠጣው ሴትዮ ቦቴ መኪናዋን እያስጮኸች መጥታ አጠገቧ አቆመች። ሃምሳዎቹን ያለፈች፣ እጅጌዋን ሁልጊዜ የምትጠቀልል ሴት ናት፤ ከሥራ አስኪያጁ እስከ ዘበኛው እትዬ ቦቴ ይሏታል።

«ምን ጠፋብሽ፣ ደቂቃ? ከጠዋት ጀምሮ ሣሬን እየረገጥሽ ነው።»

«እትዬ፣ ይህ ቋሚ ሁልጊዜ እዚህ ነበር?»

«ወዴት ይሄዳል ብለሽ ነው? እግር የለው።»

«ቆጥሬው ነው። ወዲህኛው አጭር፣ ወዲያኛው ረጅም ሆነብኝ።»

«ያንቺ እርምጃም እርምጃ ሆኖ ይቆጠራል እንዴ?» አለች ሴትዮዋ፤ ግን ሞተሩን አጠፋች። ሞተር ሲጠፋ ሜዳው በጣም ጸጥ አለ። እትዬ ቦቴ መሪውን በጨርቅ መጥረግ ጀመረች፤ የሚጠረግ ነገር አልነበረበትም።

«እትዬ፣ ዳማዋ ሰኞ ጋሪ ልትጎትት ነው» አለች ሰዓት ያዧ። «በዚህ ቋሚ ምክንያት የተሳሳተ ነገር ተናግሬያለሁ መሰለኝ። ማንንም ለመክሰስ አይደለም የምጠይቅዎት።»

ሴትዮዋ ጨርቁን አጣጥፋ ኪሷ ከተተች። «ውድድር ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። ቦቴውን ወደ ኋላ ስነዳ ነካሁት።» እጅጌዋን ይበልጥ ጠቀለለችና «ነካሁት አይባልም፤ ጣልኩት» አለች። «የድሮው ጉድጓድ ቧንቧው ስለሚያፈስ ጭቃ ነው፤ ብተክለው ጋደል ይላል። ጠንካራ መሬት ፈልጌ እዚያው አጠገቡ ተከልኩት። ቀለምም ቀባሁት። ማን ያስተውላል?»

«አጠገቡ ስንት ሜትር ነው?»

«አጠገቡ ነዋ። ቦቴ ለሚነዳ ሰው አጠገቡ ነው።»

ከመኪናው ወንበር ሥር የሃምሳ ሜትር መለኪያ አወጣች። አንዱን ጫፍ ሰዓት ያዧ ይዛ ቆመች፤ ሌላውን እትዬ ቦቴ ይዛ በሣሩ ውስጥ የድሮውን ጉድጓድ እየፈለገች ሄደች። አንድ ቦታ ላይ እግሯ ጭቃ ውስጥ ገባና «ይኸውልሽ፣ አገኘሁት» ብላ ጮኸች። አስራ ሰባት ሜትር።

ሰዓት ያዧ ቦቴው ውስጥ ከሾፌሯ ጎን ተቀምጣ ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ስሌቱ የልጅ ስሌት ነው። ቋሚው ወደ መነሻው ስለቀረበ ሦስተኛው ክፍል በአስራ ሰባት ሜትር አጥሯል፤ አራተኛው በአስራ ሰባት ሜትር ረዝሟል። ፈረስ አስራ ሰባት ሜትር ለመሮጥ አንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። አስር ነጥብ ዘጠኙ ላይ አንድ ሲጨመር አስራ አንድ ነጥብ ዘጠኝ፤ ቀጣዩ አስራ ሦስት ላይ አንድ ሲቀነስ አስራ ሁለት። ዳማዋ አልበረረችም፤ አልተነፈሰችምም። ከመነሻው ግር ግር በኋላ እያንዳንዱን ሁለት መቶ ሜትር በአስራ ሁለት፣ በአስራ ሁለት፣ በአስራ ሁለት ነው የሮጠችው። ሚዛኑ በካውያ የተኮሳት ይመስል አንድም ቦታ ሳያጨማድድ ነው ያመጣት። ከዚያ የመጨረሻው ሁለት መቶ ደረሰና አስራ ሦስት ነጥብ ስድስት።

«ምን ሆንሽ? ፊትሽ አመድ መሰለ» አለች እትዬ ቦቴ።

«ጋላቢው ምንም አላጠፋም።»

«እና መልካም ነዋ።»

መልካም አልነበረም። ቅዳሜ ልጓሜ ዳማዋን ይዞ ሊያቆያት ነው፤ በትክክል ስትሮጥ የነበረችውን ባዝራ። ቢይዛት ወደ ኋላ ትቀራለች እንጂ ለመጨረሻው ሁለት መቶ የሚተርፋት ጉልበት የለም። ጉልበቷ የሚያልቀው እዚያ ቦታ ነው፤ ዕድሜዋ የመጨረሻውን ሁለት መቶ ሜትር ወስዶባታል፣ የቀረውን ግን ገና አልነካባትም። ሰዓት ያዧ የሁለት መቶው ቋሚ ላይ የነበረውን ድምር አየች፦ ሰባ ሦስት ነጥብ አምስት ሰከንድ። እስከዚያ ድረስ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሜትር መሆኑ ነው። ዘንድሮ አንድ ሺህ ሁለት መቶውን ያሸነፉት ሦስት ፈረሶች በሰባ ሦስት ነጥብ አራት፣ በሰባ ሦስት ነጥብ ስድስት፣ በሰባ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ ነበር የገቡት። እነዚህ ሰዓቶች ደግሞ የስምንት መቶውን ቋሚ አይጠይቁም፤ የሚለኩት ከመነሻ እስከ መጨረሻ ነው።

ቅዳሜ የአንድ ሺህ ሁለት መቶ ውድድርም አለ። ምዝገባ መቀየር የሚቻለው ሐሙስ እስከ ስድስት ሰዓት፣ በባለቤቱ ፊርማ ብቻ ነው።

አጎቷ ጋጣ ውስጥ የዳማዋን ኋላ እግር ጭኑ ላይ አድርጎ ሰኮናዋን እየጠረገ ነበር። ነገሩን እስክትጨርስ ቀና አላለም።

«እንግዲህ ምን ይሁን?» አለ በመጨረሻ።

«ለጋሼ እንንገረው። ወደ አንድ ሺህ ሁለት መቶው ያዛውራት።»

«አንቺ ልጅ፣ ሰውዬውን እሁድ ዕለት እንዴት እንደጠመዘዝሽው አይቼሻለሁ። እኔ በሠላሳ ዓመቴ ያላሳመንኩትን ሰው በአንድ ወረቀት አሳመንሽው። አሁን ሄደሽ ወረቀቱ ውሸት ነበር ብትይው፣ ሰኞን የሚጠብቅ ይመስልሻል? ዛሬውኑ ነው ጋሪው ላይ የሚጠምዳት።»

«ዝም ብንል ቅዳሜ ትሸነፋለች።»

«ልጓሜን በጎን እነግረዋለሁ። አትያዛት፣ ልቀቃት እለዋለሁ።»

«አጎቴ፣ ርቀቱ ነው። ማንም ቢጋልባት፣ እንዴትም ቢጋልባት፣ አንድ ሺህ አራት መቶ አንድ ሺህ አራት መቶ ነው።»

ባልደራስ የባዝራዋን እግር ቀስ ብሎ አወረደ። ወገቡን ይዞ ተነሳና ጀርባዋን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። የሰዓት ያዧ እናት ወንድሟን ስትገልጸው «ከፈረስ ጋር ሲሆን አንደበቱ ይፈታል» ትላለች፤ አሁን ለዳማዋ እንኳ ምንም አላላትም።

«እኔ አልሄድም» አለ። «ሁለቴ ለመለመን ፊት የለኝም። አንቺ ሂጂ ካልሽ ግን አልይዝሽም።»

ሐሙስ ጠዋት ሁለት አውቶቡስ ቀያይራ ፋብሪካው ደረሰች። ግቢው ሁሉ ቀይ ነው፤ አቧራው ቀይ፣ የሠራተኞቹ ቅንድብ ቀይ፣ የውሻው ጀርባ ቀይ። ሁለት በቅሎዎች የሚጎትቱት ጋሪ ከምድጃው ወደ መጋዘኑ ይመላለሳል። ጥግ ላይ ሌላ ጋሪ ባዶውን ቆሟል። እሱን ላለማየት ጀርባዋን አዞረች። ባለጡቡ ከሾፌር ጋር እየተጨቃጨቀ ስለነበር ግማሽ ሰዓት ጠበቀች፤ በግማሽ ሰዓቱ ውስጥ የምትለውን አስር ጊዜ አዘጋጅታ አስር ጊዜ አፈረሰችው።

«የባልደራስ ልጅ» አለ ሲያያት። የባልደራስ የእህት ልጅ መሆኗን ያውቃል፤ ማስረዘም ስለማይወድ ነው። «ምን እግር ጣለሽ?»

ካዘጋጀችው ሁሉ አንዱም አልመጣላትም። «ጋሼ፣ እሁድ የነገርኩዎት ቁጥር ስህተት ነው» አለች።

ባለጡቡ አንድ የጡብ ክምር ላይ ተቀመጠ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው፤ የማን መኪና ቋሚውን እንደጣለው ብቻ ዘለለችው። ሲሰማ ቆየና ጆሮውን በትንሽ ጣቱ ኮረኮረ፤ ጣቱ ቀይ ሆኖ ወጣ።

«አስር ነጥብ ዘጠኝን ለሚስቴ ነግሬያታለሁ» አለ። «ለወንድሜ ነግሬዋለሁ። ትናንት ፀጉር አስተካካዩ ጋ ስቆረጥ ለማላውቀው ሰው ሁሉ ነግሬያለሁ። ዘንድሮ ያልተሮጠ ነገር ነው እያልኩ። አሁን ምን ልበላቸው?»

ወረቀቷን ከቦርሳዋ አወጣች።

«ከአንቺ ሌላ ይህን ማን ያውቃል?»

«አጎቴ። ሌላ አንድ ሰው።»

«ዝም ብትይ ኖሮ አላውቅም ነበር ማለት ነው።»

«አያውቁም ነበር።»

«ታዲያ ምን አመጣሽ?»

«ቅዳሜ ስለምትሸነፍ ነው።» ድምፅዋ እንደፈራችው አልተንቀጠቀጠም፤ ወፈር ብሎ ወጣ። «በአንድ ሺህ አራት መቶ መጨረሻዋን መድረስ አትችልም። እስከ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ግን ካሸነፉት ጋር እኩል ነው የሮጠችው።» ወረቀቱን ዘረጋችለት። አላየውም።

«በአንድ ሺህ ሁለት መቶ ታሸንፋለች?»

«አላውቅም፣ ጋሼ። የማውቀው የምትሸነፍበትን ነው።»

ባለጡቡ ሳቀ፤ ከሆዱ አይደለም፣ በአፍንጫው። «ነጋዴ አይወጣሽም» አለ። ከዚያ እስክሪብቶ ከሠራተኛ ተውሶ የምዝገባውን ቅጽ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፈረመ። አውራ ጣቱ ወረቀቱ ላይ ቀይ ማህተም ተወ። «ስሚ። ሦስተኛ ብያለሁ፣ ሦስተኛ ነው። አራተኛ ከወጣች ቁርጥራጭሽን ይዘሽ እንዳትመጪ። ደግሞ ልጓሜ በአንድ ሺህ ሁለት መቶው የሌላ ሰው ፈረስ ይዟል። ሚዛኑን ያባረርኩት በአንቺ ወረቀት ነው፤ አንቺው መልሺው።»

ሰዓቱ አራት ከሃምሳ ነበር። የመጀመሪያው አውቶቡስ በየፌርማታው እየቆመ ሲንፏቀቅ እሷ ወንበሯ ጫፍ ላይ ተቀምጣ በእግሯ ወለሉን ትመታ ነበር፤ አጠገቧ ያሉት ሴት «ልጄ፣ አንቺ ብትነጂው ይሻላል» አሏት። ሁለተኛውን ሳትጠብቅ በእግሯ ሮጠች። መመዘኛው ክፍል ስትደርስ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሆኗል።

ሚዛኑ እንደ ልማዱ ሚዛን ላይ ነው። ካልሲውን ሳይቀር አውልቆ ቁጥሩን እያየ ቆሟል። ሌሎች ሦስት ጋላቢዎች አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል።

«ዳማዋን ቅዳሜ ትጋልብልናለህ?» አለች፣ ትንፋሿ ሳይመለስ። «በአንድ ሺህ ሁለት መቶ። ባለቤቷ ፈርሟል።»

ሚዛኑ ዞር ሳይል «እኔ አቃጣይ ነኝ አይደል?» አለ። «ነዳጅ የማያባክን ሰው አልፈለጋችሁም?»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሳቁ።

«ተሳስቼ ነው። አላቃጠልካትም። ቋሚው ያለቦታው ነበር።»

«ይህን ለማን ነው የምትነግሪው? ለእኔ? እኔ አውቀዋለሁ። ጀርባዋ ላይ ነበርኩ።» ከመመዘኛው ወረደ። ተቆጥቶ አልነበረም፤ ድምፁ ዝግ ያለ ነው፣ ይህ ባሰባት። «ከሰኞ ወዲህ ሁለት ባለቤቶች ደውለው ፈረሳቸውን ነሱኝ። አቃጣይ ነው ተባለ። የተባለው በወረቀት ነው፤ ሰው ደግሞ ወረቀት ያምናል። አንቺም በወረቀት መልሺልኝ። እዚያ ጋ።» በአገጩ ግድግዳውን አሳያት፤ «የመታጠፊያው ትንፋሽ» ያለበትን።

ከመዝጋቢው መስኮት «ልዘጋ ነው፣ የምታስገቡ ካላችሁ አስገቡ» የሚል ድምፅ መጣ።

ሰዓት ያዧ ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። ጠረጴዛ ስላልነበረ ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ በሰው ሁሉ ፊት ጻፈች። የስምንት መቶው ቋሚ አስራ ሰባት ሜትር ተዛውሮ ነበር። ፈረሶቹ መታጠፊያው ላይ አይተነፍሱም። ባለፈው ቅዳሜ የዳማዋ ጋላቢ ከመነሻ እስከ መጨረሻ እኩል ነው የጋለባት፤ ስህተቱ የሰዓት ያዧ ነው። ፈረመችበት። ሁለቱን ገጾቿን ሳትነቅል በላያቸው ላይ ሰካችው።

ሚዛኑ ካልሲውን እያጠለቀ አነበበ። «ጽሑፍሽ ሲያንስ ያምራል» አለ። ቅጹን ከእጇ ወስዶ ስሙን ሞላና በመስኮቱ አሳለፈላት።

ሥራ አስኪያጁ ከሰዓት በኋላ አንብቦ ጠራት፤ የአምስቱን ሳምንት መዝገብ አስተካክላ እስክትጨርስ ምንም አዲስ ነገር እንዳትጽፍ ነገራት። ቋሚውን ማን እንደጣለው ጠየቃት፤ ንፋስ ይሆናል አለች። በማግስቱ ቋሚው ቦታው ተመልሶ ነበር፤ ትንሽ ጋደል ብሏል።

ቅዳሜ ዘጠኝ ፈረሶች ወጡ። ሰዓት ያዧ ከላይ ከመስኮቷ ቆማለች። ካሜራው እየቀዳ ቢሆንም መብራት ቢጠፋ ብለው በእጅ የሚጫን የውድድር ሰዓትም ያስይዟታል፤ በየቋሚው መጫን አለባት። ጠዋት ቁርስ አልበላችም። ታች፣ አጥሩ ሥር፣ የአጎቷን ራሰ በራ ታያለች፤ አጠገቡ የባለጡቡን ኮፍያ።

የመነሻው በር ተከፈተና ወጡ። ዳማዋ ሁለተኛ ሆና ቀጠለች፤ ሚዛኑ አልገፋትም፣ አልያዛትም። አንድ ሺሁን ጫነች። ስምንት መቶውን ጫነች። መታጠፊያው ላይ የሚመራው ፈረስ ወደ ውጭ ሲሰፋ ዳማዋ በውስጥ በኩል አለፈችው። ስድስት መቶ። አራት መቶ። አሁን እየመራች ነው፤ ከኋላዋ ሦስት ፈረሶች ተጠጋግተው ይመጣሉ፣ አንደኛው ግራጫ ነው። የሁለት መቶውን ቋሚ አለፉ። ያለፈው ቅዳሜ እዚህ ስትደርስ ከመነሻው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሮጣ ነበር፤ ዛሬ ገና አንድ ሺህ ነው የሮጠችው፣ አላት፣ ገና አላት እያለች ሰዓት ያዧ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጠፈች። ግራጫው ደረሰባትና አለፋት። ከውጭ በኩል ሌላው መጣ፤ ጎን ለጎን ሆኑ፣ ጥቂት ዝላይ አብረው ዘለሉ፣ ከዚያ እሱም በአንገት አለፈ። አራተኛው ፈረስ ደግሞ መጣ። ኮርቻዋ ጋ ደረሰ። ትከሻዋ ጋ። ሚዛኑ አለንጋውን አላነሳም፤ እጁን ወደ ጆሮዋ ገፍቶ እንደ ጨርቅ ተነጠፈባት። አራተኛው ጆሮዋ ጋ ሳይደርስ መስመሩን አለፈች፤ ሦስተኛ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አታውቅም። ስትደርስ ባለጡቡ ለአጎቷ ጀርባውን ሰጥቶ ስልክ እያወራ ነበር። «ለሰኞ በቅሎ ፈልግልኝ» ይላል፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። «ጤነኛ ይሁን እንጂ ዕድሜው ግድ የለኝም… አይ፣ እሷ አትመጣም። እሷ ሥራ ላይ ናት።» ስልኩን ዘግቶ ሰዓት ያዧን አያትና ራሱን ነቅንቆ ሰላምታ ሰጣት። አጎቷ በዳማዋ አንገት ላይ ተደግፎ የሆነ ነገር ያወራላታል፤ አንደበቱ ተፈቷል። ባዝራዋ ጎኗ እንደ ወናፍ እየተነፋ፣ ላቧ ከሆዷ ሥር እየተንጠባጠበ ትሰማዋለች።

ሚዛኑ ኮርቻውን ተሸክሞ ወደ መመዘኛው ሲያልፍ አጠገቧ ቆመ። ፊቱ ላይ ያለው ጭቃ ስንጥቅ ስንጥቅ ብሏል።

«ደቂቃ፣ የመጨረሻዋን ሁለት መቶ በስንት ጨረስናት?»

በእጇ ያለውን ሰዓት አየች። ቁጥሮቹ እየሮጡ ነው፤ አምስት ደቂቃ አልፎታል። የመጨረሻው መስመር ላይ አልጫነችውም።

«አላቆምኩትም» አለች፣ አፍራ። «ሰኞ ከቪዲዮው አወጣዋለሁ።»

ሚዛኑ ኮርቻውን ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወረ።

«እንግዲያው እስከዚያ እኔ ልንገርሽ» አላት። «ረጅም ነበረች።»